ስለ ምስክርና ስለ እውነት፤ የናፍጣ ሞተር በጋይንት ተራሮች

የጥንቱ ሞተር ሲታመም ስለ ሕመሙ የሚናገርለት አልነበረውም። መካኒኩ በጆሮው አዳምጦ፣ በአፍንጫው አሽትቶ፣ በእጁ ዳስሶ ምክንያቱን ያገኝ ነበር እንጂ፣ በሰውየውና በብረቱ መካከል ቆሞ ቃሉን የሚሰጥ ሦስተኛ ወገን አልነበረም። ዛሬ ግን በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆመው የምናያቸው፣ በአራቱም ጎማ የሚስቡት አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ሴንሰር የሚባሉ ሕዋሳት ተተክለውላቸዋል፤ እነዚህም ሕዋሳት የአየሩን መጠን፣ የግፊቱን ብርታት፣ የውኃውንና የናፍጣውን ሙቀት እየለዩ ለአንድ ኮምፒዩተር ያስታውቃሉ፤ ኮምፒዩተሩም የተነገረው ነገር ከተወሰነለት ሥርዓት ሲወጣበት በሾፌሩ ፊት ቢጫ መብራት ያበራል። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ በጋራዥ ውስጥ ያልነበረ ጥያቄ ተወልዷል፤ ይኸውም ምስክር በቀረበ ጊዜ ቃሉን እንዴት እንመርምር፣ እስከ ምን ድረስስ እንመን የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በችሎት አደባባይና በሊቃውንት ጉባኤ ከጥንት ጀምሮ ሲመረመር የኖረ ስለ ሆነ፣ በዘይትና በጥላሸት መካከል ሲነሣም ያው ክብሩን ይዞ እንደሚነሣ አምናለሁ፤ ስለዚህም ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

ጉዳዩ በየትኛውም አገር ሊነገር ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ምሥራቁ ደቡብ ጎንደር ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የርብንና የጉማራን ውኃ ወደ ጣና ሲሰድ፣ በዙሪያውና ከእርሱ ባሻገር የተዘረጉት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገሮች ደግሞ ከብርዳሙ ደጋ ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳሉ። በደርግ ዘመነ መንግሥት በቻይናዎች እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ይሻገራል፤ ከዚህ አውራ መንገድ ተገንጥሎ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚያቀና መኪና ግን በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የደጋውን ቀጭን አየርና የቆላውን ወፍራም አየር እያፈራረቀ ሲተነፍስ ይውላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዚሁ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፣ መንገድ እያስጠረጉና ገደል እያስደለደሉ ብዙ ወራት የፈጀባቸው ይኸው የመሬት አቀማመጥ ነበር። ያን ጊዜ ተራራው የጠየቀው የሰውን ክንድ ነበር፤ ዛሬ የሚጠይቀው የሞተርን እስትንፋስ ነው።

የናፍጣ ሞተር ከናፍጣው ይልቅ በአየሩ ይኖራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያስፈተነው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ የሚነሣ አልነበረም፤ ፒስተኑ አየሩን እጅግ አድርጎ ሲያምቀው አየሩ ራሱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግልና፣ በላዩ የተረጨው ናፍጣ ከዚያ ግለት የተነሣ ይቀጣጠላል። ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ከአራቱ ባሕርያት ተገኘ ብለው የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ሞተር ቢመለከቱ፣ ነፋስ ሲጎድል እሳት እንደሚታወክ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ ባልፈለጉም ነበር። አውግስቡርግ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ነፋስ መውጫ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል ያህል የሚሆነው የአየር ግፊት በ3,000 ሜትር ከፍታ ወደ 70 ይወርዳል፤ እንግዲህ በጋይንት ደጋ የሚሠራ ሞተር ከሚገባው አየር ሦስት እጅ ካደረግነው አንዱን ያህል አጥቶ ይሠራል ማለት ነው፤ የጎደለውንም ለመሙላት የሚደክመው አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ነው።

አሁን ወደ ምስክሮቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ በቱቦው መግቢያ ላይ ተቀምጦ የሚገባውን አየር የሚመዝነው ሴንሰር ነው፤ አሠራሩም የሚደነቅ ነው፤ ከጸጉር የማይወፍር ሽቦ በኤሌክትሪክ ኃይል ይግላል፣ በላዩ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ግለቱን ጠብቆ ለመኖር የፈለገው ኃይል መጠንም የአየሩን ብዛት ይነግራል። ሁለተኛው ከቱርቦው በኋላ፣ ማኒፎልድ በሚባለው፣ አየሩን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ክፍል ላይ ቆሞ ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ነው። ከእነዚህም ጋር ኢጂአር የሚባል ቫልቭ አለ፤ ይህ ቫልቭ ከተቃጠለው ጢስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ የተሠራበትም ምክንያት የቃጠሎውን ሙቀት አብርዶ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ ለመቀነስ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚመለሰው ጢስ ጥላሸት ያዘለ ነው፤ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት ተን ደግሞ በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ሁለቱ በማኒፎልዱ ውስጥ ሲገናኙ ደረቁ ጥላሸት በዘይቱ ይለወስና ከግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ጢስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ ዘመን የቆየ ጥቀርሻ ወጋግራውንና ማገሩን እንደሚያለብሰው፣ ይህም ዕለት ዕለት እየተደራረበ የአየሩን መንገድ ያጠብባል። በተለይም ሾፌሩ በብርዱ ምክንያት ሞተሩን ሳያጠፋ ለረጅም ሰዓት አስነሥቶ ሲያቆመው፣ ሞተሩ ያለ ሸክም እየዞረ ሳይግልና ሳይጠራ ስለሚቆይ ክምችቱ ይፈጥናል።

ሕመሙ የሚገለጠው በዳገት ላይ ነው። ስማዳ ውስጥ ወላድ የጫነ ወይም ለትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የያዘ መኪና ከቆላው ወደ ደጋው ሲወጣ፣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ እያቃሰተ ይወጣል፤ በኋላው ጥቁር ጢስ ይከተለዋል፤ ከዚያም ቢጫው መብራት ይበራና ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ከከፋ ጉዳት ለመጠበቅ ጉልበቱን ይገድብበታል። መኪናው ወደ ጋራዥ ሲደርስ ስካነር ይሰካለታል፤ በስካነሩም ላይ ፒ 0401 የሚል ምልክት ይነበባል እንበል። ይህን ምልክት የሚያይ ብዙ ሰው ሴንሰር ተበላሸ ብሎ ይፈርዳል፤ ሌላ ሴንሰር ከአዲስ አበባ በብዙ ብር ተገዝቶ ይመጣል፤ አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ይገባል፤ መብራቱም ይጠፋል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ ግን መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ይህ በየጋራዡ የታወቀ ታሪክ ነው፤ በእውነቱም እውነተኛውን ቃል ስለ ተናገረ የተሻረው ምስክር አላጠፋም ነበር።

ምልክቱ ምን እንደሚል በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ነገሩን በሌላ መንገድ ያየዋል። ኮምፒዩተሩ የኢጂአሩን ቫልቭ ሲከፍት የጢሱ አየር የተወሰነ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር በዚያው ልክ መቀነስ ይገባዋል፤ ቫልቩ ተከፍቶ ሳለ የሚገባው አየር ያልቀነሰ እንደ ሆነ ግን ጢሱ ማለፊያ አጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ ፒ 0401 የሚለው ይህን ነው፤ ጢሱ በሚገባው መጠን አላለፈም ይላል እንጂ ስለ ማንም ሴንሰር መበላሸት አላወራም። መካኒኩ የምስክሩን ቃል ሰምቶ ከምስክሩ ጋር ከመጣላቱ በፊት ምስክሩ ያመለከተውን ስፍራ ሄዶ ማየት ነበረበት።

ይህን ስል ሴንሰር ሁሉ እውነተኛ ነው ማለቴ አይደለም። የጋለችው ሽቦ በአቧራና በዘይት ስትሸፈን የገባውን አየር አሳንሳ ትናገራለች፤ ኮምፒዩተሩም ቃሏን አምኖ ናፍጣውን ይቀንስና መኪናው ያለ ሌላ ምክንያት ይደክማል። ሽቦው የተቆረጠ፣ ሶኬቱ የዛገ፣ ልኩ የተዛባ ሴንሰርም አለ። ስለዚህ ምስክሩን ራሱን መመርመር ግዴታ ነው፤ የምርመራውም ጥበብ አስቀድሞ ከታወቀ እውነት ጋር ማስተያየት ነው። የግፊቱን ሴንሰር ለመፈተን ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ቁጥሩን በስካነር ማንበብ ይበቃል፤ ሞተሩ ካልዞረ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው አየር የውጭው አየር ነውና፣ ሴንሰሩ መናገር ያለበት የተራራውን ግፊት ነው። እንዲህ ሲደረግ በባሕር ጠረፍ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ መመሪያ የያዘ መካኒክ 100 ኪሎ ፓስካል የሚል ቁጥር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ 70 ሲያገኝ ይደነግጣል፤ ነገር ግን በነፋስ መውጫ ቆሞ 70 ያህል የሚናገር ሴንሰር ጤነኛ ነው፤ በዚያው ስፍራ 100 የሚል ግን ሐሰተኛ ነው። መኪናው ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርድ ደግሞ ቁጥሩ ከፍታውን እየተከተለ መጨመር አለበት፤ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ወደ 85 ያህል ይሆናል። ተራራና ሸለቆ የማይለውጡት ቁጥር ከሞተ ሴንሰር የመጣ ነው። እኔ በዚህ ነገር የማየው ትልቅ ትምህርት አለ፤ እውነት በየትም አንዲት ስትሆን፣ የምትታወቅበት ልክ ግን ከተቆመበት ምድር ጋር ይሰፈራል፤ ስለዚህም አገሩን የማያውቅ መርማሪ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ እውነተኛውን ሐሰተኛ ሐሰተኛውንም እውነተኛ ያደርጋል።

ሕገ ኦሪት አንድ ሰው ብቻውን በመሰከረው ነገር እንዳይፈረድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች እንዲሰሙ ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ጭምር ይመስላል። የአየሩ መዛኝ ብዙ አየር ገባ ሲል፣ የግፊቱ ለኪ ደግሞ በማኒፎልዱ ውስጥ ግፊት የለም ቢል፣ ችኩል ሰው ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ይላል፤ አስተዋይ ሰው ግን ሁለቱም እውነት ተናግረው ይሆናል ብሎ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ይመረምራል። ብዙ ጊዜም ከቱርቦው ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ይገኛል፤ አየሩ በእርግጥ ገብቷል፣ ነገር ግን ሳይደርስ በመንገድ ፈስሷል። ሦስተኛው ምስክር ጢሱ ነው፤ ለገባ አየር የተመጠነ ናፍጣ ተረጭቶ አየሩ ሲጠፋ ያልተቃጠለው ትርፍ በማርሚታው በኩል ጥቁር ሆኖ ይወጣልና። የእነዚህ ምስክሮች ቃል ሲጣላ ማስታረቂያው የት እንደ ሆነ ማግኘት የመካኒክነት ከፍተኛው ማዕርግ ነው።

የጋይንት ሰው ይህን ምስክርን የመመርመር ሥርዓት ከሞተር በፊት ያውቀዋል። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀች የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ በሌላ ጉባኤ ቤት የተማረ ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት ቀርቦ ዜማውንና ምልክቱን እየተመረመረ የሚያስመሰክረው በዚያ ነው። ለሌሎች ሊመሰክር የተዘጋጀ ሰው አስቀድሞ ራሱ በጸና ምንጭ ፊት እንዲመረመር ማድረግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ዘመንም ይወስዳል፤ ይሁን እንጂ ዜማው ከአባት ወደ ልጅ ሳይዛባ እንዲተላለፍ የረዳው ይህ ትዕግሥት ነው። በጋራዥም ሆነ በጉባኤ ቤት፣ ምስክርን መመርመር ምስክርን መናቅ አይባልም፤ ይልቁንም ቃሉ እንዲከበር የሚያደርገው እርሱ ነው።

ምርመራው ወደ ማኒፎልዱ ካደረሰን እንክፈተው። ቱቦዎቹ ይፈታሉ፣ ብሎኖቹ በየተራ ይላላሉ፣ ክፍሉ ሲነሣ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ፤ አውራ ጣት በምቾት ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ትንሿን ጣት እንኳ በጭንቅ ያስገባል። ጥቀርሻው ከላይ እርጥብና የሚያጣብቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ደርቆ እንደ ድንጋይ ጸንቷል፤ ሲፋቅ በንብርብር ይነሣል፤ እያንዳንዱም ንብርብር ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመበትን፣ ፊልትሮው ሳይለወጥ የሰነበተበትን ጊዜ ይመሰክራል። የሚያጸዳው ሰው ማኒፎልዱን ከሞተሩ አውርዶ በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፎ ይፍቀው እንጂ፣ በቦታው ሳለ አይቆርቁረው፤ ወደ ሲሊንደር የወደቀ ስባሪ ከጥላሸቱ የባሰ ጥፋት ያመጣልና። ያቺን ቀጭን ሽቦ ደግሞ ለእርሷ በተሠራው ማጽጃ ይርጫት እንጂ በብሩሽም በጨርቅም አይንካት። ሲገጥምም አሮጌውን ጋስኬት መልሶ አያግባ። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድም ሴንሰር ሳይገዛ መኪናው ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ይመለሳል።

ሁለት አቋራጭ መንገዶች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዱ የኢጂአሩን መንገድ በተቆረጠ ብረት ይደፍነዋል፤ ምክንያቱንም ሲጠየቅ ዳገቱና ድህነቱ አስገደዱኝ ይላል፤ ችግሩን አልንቅበትም፤ ነገር ግን ጢሱ የሚወርደው በራሱ ልጆች ላይ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። ሌላው ግን የባሰ ነው፤ የመብራቱን አምፖል ነቅሎ ይጥላል። ምክንያቱን ሳይነካ ምስክሩን ዝም ያሰኛል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መኪና የሚሄድ ሁሉ በጭፍን ይሄዳል። ሴንሰር የሌላቸው የቀድሞዎቹ ላንድ ክሩዘሮች ይሻሉ ነበር የሚሉም አሉ፤ በእርግጥ የእነርሱ ጥገና ቀላል ነበር፤ ይሁን እንጂ ያልተናገረ ሕመም ሁሉ ሕመም አልነበረም ሊባል አይችልም።

ነገሩ ከመኪና ያልፋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ባለቀበት ጊዜ ወሬው ከገጠሩ ተነሥቶ እየመጣ ነበር፤ ስደተኞቹ በአውራ መንገዱ ዳር ቆመው በገጻቸው ይመሰክሩ ነበር፤ የመንግሥቱ ሹማምንት ግን ለስማቸው ሲሉ ምስክርነቱን ሸሸጉት፤ ዓለም ነገሩን ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም አንሥቶ ካሳየ በኋላ ነበር። የወሎ ጎረቤት የሆኑት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ ገበሬዎች ዝናብ ሲያጥር ምን እንደሚመጣ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ወረዳዎች መካከል መቈጠራቸውም ይህን ያሳያል። የቀበሌው የግብርና ሠራተኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የአገሪቱ ሕዋሳት ናቸው፤ የሚልኩትም ሪፖርት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲወጣ በየደረጃው ባለ ፍርሃትና ውዳሴ ፈላጊነት መንገዱ እየጠበበ ከመጣ፣ ከላይ የተቀመጠው ሰው ትክክለኛ ባልሆነ ቁጥር ትክክለኛ የመሰለ ትእዛዝ ይሰጣል። ያን ጊዜ መጥፎ ወሬ ያመጣውን ሠራተኛ አንሥቶ በሌላ መተካት ከዚያ በየጋራዡ ከታወቀው ስሕተት በምንም አይለይም፤ የሚጠፋው ግን የሰው ነፍስ ነው።

ስለዚህ በደብረ ታቦርም ሆነ በየወረዳው ሙያ የምታስተምሩ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ የባሕር ጠረፉን ቁጥር ብቻ አታስጠኑ፤ የነፋስ መውጫን፣ የወገዳን፣ የአርብ ገበያንና የመካነ ኢየሱስን የአየር ግፊት ራሳቸው ለክተው በደብተር እንዲጽፉ አድርጉ። ሾፌሮች ሆይ፣ ቆማችሁ ስትጠብቁ ሞተሩን አጥፉ፤ መኪናው ጤነኛ ሳለ ያሳየውን ቁጥር መዝግቡ፤ በታመመ ቀን የምታስተያዩበት ይኖራችኋል። የጽሕፈት ቤት አለቆችም፣ የሴንሰር ግዢ ሲቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ማኒፎልዱ ተከፍቶ ታይቷልን ብላችሁ ጠይቁ፤ መጥፎ ሪፖርት ሲቀርብላችሁም ጸሐፊውን ከመገሠጻችሁ በፊት ወደ ቀበሌው ወርዳችሁ እዩ። ምስክር የሚሻረው ከተመረመረና ሐሰቱ ከተገለጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚፈርድ ሁሉ በእውነት ላይ ይፈርዳል።